የኅዳር ሚካኤል በረዶና አቶ ገብረሚካኤል ማንደፍሮ

አቶ ገብረሚካኤል ማንደፍሮ ከአባታቸው ከአቶ ማንደፍሮ ወልደየስ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ትርንጎ አበጋዝ በ1948 ዓ.ም. በቀወት ወረዳ፣ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብላ በምትገኝ ቀበሌ ተወለዱ። ዳዊት ከደገሙ በኋላ ደብረ ሲና ወጥተው ዘመናዊ ትምህርት ተከታተሉ። ቆላ የለመደ ገላቸውን ብርዱ አላስቀምጥ ቢላቸውም አስራ ሁለተኛ ክፍልን ሳይጨርሱ አልወረዱም።

በ1972 ዓ.ም. በአየር ሁኔታ ተመልካችነት ሰልጥነው በተወለዱበት አካባቢ ሥራ ጀመሩ። በ1976 ዓ.ም. ከወይዘሮ ንግሥት ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋብተው ማህሌትን፣ እዮኤልንና ቤዛዊትን ወልደዋል። ጠዋት በሦስት ሰዓት የዝናብ መለኪያውን ሳያነቡ የዋሉበት ቀን አልነበረም፤ በማህሌት ክርስትና ዕለት እንኳ እንግዳውን ትተው ሄደዋል።

ትንበያ ሲደርሳቸው ለአገሩ ገበሬ የሚናገሩት እሳቸው ነበሩ። ትንበያ ደግሞ ቁርጥ ያለ ነገር አይወጣውም። “ሊጥል ይችላል” ይላሉ፤ ሳይጥል ይቀራል፤ ገበሬውም “ጋሼ ይችላል” እያለ ይስቅባቸው ነበር። አብረው ቢስቁም ነገሩ እንደሚቆጠቁጣቸው እኛ ቤተሰቦቻቸው እናውቃለን።

ኅዳር 11 ቀን 2005 ዓ.ም. ያለ ወቅቱ ከባድ ዝናብ፣ ምናልባትም በረዶ ሊጥል ይችላል የሚል መልእክት ደረሳቸው። ጤፉ ታጭዶ ነዶው በየማሳው ተኝቷል። ማግስቱ ግን የሚካኤል ዓመታዊ በዓል ነው፤ ነዶ አይነሳበትም። አቶ ገብረሚካኤል “በምናልባት ሰው በዓል አላስሽርም” ብለው ለክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ሳይናገሩ ቀሩ። በዓሉ ለማይመለከታቸው ለአቶ ሙሀሲን ብቻ ነገሯቸው። አቶ ሙሀሲንም በማግስቱ ጠዋት ከነቤተሰባቸው ነዷቸውን ከምረው ሸራ አለበሱት።

ከቀትር በኋላ በረዶው ወረደ። የባላቸው ሙት ዓመት ገና ያልወጣላቸው ጎረቤታቸው ወይዘሮ አሰገደች፣ የአራት ልጆቻቸውን የዓመት ቀለብ ከጭቃ ለይተው ማንሳት አቃታቸው። አቶ ሙሀሲን ደግሞ ምንም ክፋት ሳያስቡ፣ እህላቸውን ያተረፉላቸው ጋሼ ገብረሚካኤል መሆናቸውን በሰው ፊት ተናግረው አመሰገኑ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ምን ይደበቃል!

ወይዘሮ አሰገደች “በዓሉን መሻርም አለመሻርም የእኔ ፈንታ ነበር፤ ማን ይምረጡልኝ አለዎት?” ብለው ሰላምታ ነሷቸው። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ተላከ፤ መልስ አልተገኘም። ጥፋቱ የአቶ ገብረሚካኤል ነበር። እሳቸው በሕይወት ሳሉ ያልሸፋፈኑትን እኛ በቀብራቸው ቀን አንሸፋፍነውም።

ከዚያ ወዲህ፣ በ2008 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡም በኋላ፣ በዓልም ቢሆን ከቅዳሴ መልስ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመው የሰሙትን ትንበያ ሁሉ ከነጥርጣሬው ይናገሩ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ያሉት አልሆነም፤ ተሳቀባቸው። እሳቸው ግን መናገሩን አልተዉም።

በኩላሊት ሕመም ለሁለት ዓመት ሲታከሙ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ማን እንደመጣ ይጠይቁ ነበር። ማንን እንደሚጠብቁ ስለምናውቅ መልሱ ይከብደን ነበር። ትናንት የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ወይዘሮ አሰገደች የመጡት ዛሬ ጠዋት ነው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከአስከሬኑ ራስጌ ቆሙና “ይቅር ካልኩዎ እኮ ቆየሁ! ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስል ሳልነግርዎ ቀረሁ” ብለው አለቀሱ።

እሳቸው ያልሰሙትን ይቅርታ እግዚአብሔር ሰምቶታልና ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ለወይዘሮ አሰገደችም ከእኛ እኩል መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።