ሐረግ ያጠጣችኝ ውኃ

ወንድሜ አለኸኝ፣

የገዛ ልጄ ሐረግ ከዓይነ ምድር በተከሰለ ከሰል የተጣራ ውኃ ሳትነግረኝ አጠጣችኝ። በደሉ ይኸው ነው።

እዚህ መካነ ሰላም የሥራ ቦታዬን ላሳይዎ ብላ ወሰደችኝ። ከመጸዳጃ ጉድጓድ የሚወጣውን ዝቃጭ አድርቀው፣ በርሜል ውስጥ አፍነው ያከስሉታል። ከከተማው በታች የሚወርደውን ጥቁር ወንዝ በዚያ ከሰል ያጣሩና ያፈሉታል። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ብርጭቆ ጨልጬ፣ «ውኃ ማለት እንዲህ ነው፤ የኛን የከላላን ምንጭ ይመስላል» ብዬ ድጋሚ ለመንሁ። ሠራተኞቹ ሳቁ። ያን ጊዜ ነገረችኝ።

ስቆጣት፣ «አባዬ፣ ይኸኛውስ እሳት አይቶታል። ከምንጫችሁ በላይ ያለው የሰፈሩ መጸዳጃ በክረምት ወዴት የሚሰርግ ይመስልዎታል?» አለችኝ።

«ምንጫችን የጠራ ነው!»

«አሁን የጠጡትስ ደፍርሶ ነበር?»

ዕድሜዬን ሙሉ ውኃ የመረጥሁት በዓይኔና በምላሴ ነው፤ ሁለቱም አታለሉኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የልጅ ልጅህ ብዙዬ ሆዷን በቆረጣት ቁጥር ቡዳ ነው እያልን ያንኑ ምንጭ አይደል የምናጠጣት? ይህ ፖስት ካርድ እስኪደርስህ ስንቴ ትጠጣ ይሆን እያልሁ እፈራለሁ።

የካርዱ ቦታ ጠበበኝ። የብዙዬን እናት የትምወርቅን ሰላም በልልኝ፤ ድስቷን ትጣድ፣ ያልፈላ ውኃ ለልጅቷ እንዳታቀምስ። ለምን ያለህ ቢኖር ወንድሜ ኪዳነማርያም አዟል በለው። እኔ የጠጣሁትን ግን ለማንም እንዳትናገር፤ እኔም ከእንግዲህ እስክቀበር ድረስ አላነሳውም።