ለሦስት ሰው አቅርቢ

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ አባይነህ፤
ባሌ፣ ጋሰራ።

አባዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የቀኝ ዓይንዎስ? እህቴ እፀገነት ጠብታውን እንደጀመሩ ነግራኛለች፤ ትንሽ ሻል ሲልዎ እንዳይተዉት አደራ። እማዬስ እንዴት ናት፣ ጾሙ አላደከማትም? ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ ቀዬው ሁሉ እንዴት ነው? የበልጉ ዝናብ ጀመረ ወይስ እንደ አምናው ሰማይ ሰማይ ታያላችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁና ከዚህ በታች ከምጽፈው ነገር በቀር፣ ክብር ለፈጣሪ ይሁንና፣ ደህና ነኝ።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምዎ አይቀርም። በዚህ ዘመን ማን ደብዳቤ ይጽፋል? ግን ከጥር ጀምሮ ስደውል ስልኩን አይቀበሉኝም። ድሮ እንኳ "ደህና ነህ? በል ለእናትህ ልስጥህ" ይሉኝ ነበር፤ አሁን ያቺም ቀረች። ከስልክ ማምለጥ ይቻላል፣ እፀገነት ጮክ ብላ ከምታነበው ደብዳቤ ግን የት ይሄዳሉ ብዬ ጻፍኩ። ይዛው የመጣችው ሐሚዳ ናት፤ ያቺ ከአዲስ አበባ ልብስ እየገዛች ሮቤና ጋሰራ የምትሸጠው። የሻይ ቤቱን ጉዳይ መጀመሪያ የነገረችኝም እሷው ነች።

እንደነገረችኝ ከሆነ በጥር ወር በአንድ የገበያ ቀን ሻይ ቤት ገብተው ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥኑ ላይ በአማርኛ የተተረጎመ የህንድ ፊልም ይታያል። ፊልሙ ውስጥ ያለው አባት ልክ እንደ እርስዎ ሁለት ጊዜ ሳል ሳል አደረገና "ስማኝ፣ ሁለቴ አልናገርም" አለ። ከዚያ ያንኑ ነገር ሦስት ጊዜ ተናገረው። ሻይ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየዎት። ቀጥሎ ህንዳዊው ወደ ሚስቱ ዞረና "ከዛሬ ጀምሮ ለሦስት ሰው አቅርቢ" ሲል፣ ሻይዎን ሳይጨርሱ ተነስተው ወጡ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእርስዎ ጆሮ ግን ባለቤቱን በህንድ አፍ አገኘው።

አሁን የከተማው ጎረምሳ ሻይ ሲያዝ "ለሦስት ሰው አቅርቢ!" እያለ እንደሚሳሳቅ፣ እርስዎም በዚያ በኩል ማለፍ እንደተዉ እፀገነት ነገረችኝ። "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ እኔን የናቀኝ የገዛ ልጄ ነው" ብለዋል አሉ። ይህ ቃል ሲደርሰኝ ሁለት ቀን ሥራ አልገባሁም። ድምፁ የእኔ ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው። ንቄዎት እንዳልሆነ ግን ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ካልነገርኩዎ አይገባዎትምና ይታገሱኝ።

የምሠራው ለቡ መብራት ኃይል፣ ከአንድ የቀለምና የሚስማር ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ነው። የውጭ ድምፅ እንዳይገባ ግድግዳዋ ላይ ብርድ ልብስ ቸንክረናል፤ ያም ሆኖ የባጃጅ ጥሩንባ ይገባል። አሠሪዬ ቴዎ ኮምፒዩተሩ ላይ ይቀመጣል፣ እኔ ማይኩ ፊት። ሽማግሌውንም፣ ሌባውንም፣ ፖሊሱንም፣ አንዳንዴ ሙሽራይቱንም ጭምር ሆኜ የምናገረው እኔ ነኝ። ህንድኛ አላውቅም፤ ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ እያየሁ ነው የምተረጉመው። ይህ ፊልም ግን ያለ ጽሑፉ መጣ። ቴዎ ምን ቸገረው፣ "አፉ ሲንቀሳቀስ ተናገር፣ ሲዘጋ ዝም በል" አለኝ። ታሪኩን ከፊታቸው እያነበብኩ ቃሉን ከራሴ ሞላሁት። ይህን እንኳ ለሰው እንዳይነግሩብኝ።

ፊልሙ ላይ አንድ ገበሬ ልጁ ከቤት ሲወጣ በር ላይ ቆሞ የሚናገርበት ቦታ አለ። መጀመሪያ ያስገባሁለት የሬዲዮ ድራማ ንግግር ነበር፤ "አንተ የአባትህን አደራ የበላህ ከንቱ!" እያልኩ ክፍሏን አናወጥኳት። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነው የሆንኩት። ፊልም ገበያ ከመውጣቱ በፊት ፉሪ፣ የቴዎ ዘመድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ይታያል። እኛም ከኋላ ተቀምጠን ፊልሙን ሳይሆን ሰዉን እናያለን። ያን ዕለት ሰዉ ስልኩን ይነካካል፣ ቆሎ ይቀባበላል። ፊልሙ ላይ የገበሬው ቤት ሲቃጠል፣ ያ ሁሉ እሳት ሰማይ ሲነካ እንኳ፣ ከፊቴ የነበሩት ሁለት ሴቶች የሰፈሩ ውሃ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ያወሩ ነበር።

እዚያ ቪዲዮ ቤት እሑድ እሑድ ከፊተኛው አግዳሚ የማይጠፉ ኦቦ ለታ የሚባሉ ሰው አሉ። የፉሪ ነባር ገበሬ ናቸው፤ መሬታቸው ዙሪያውን ቪላ ሆኖ በቀረችው ቁራሽ ላይ ጎመን ያለማሉ። ሲወጡ እንዴት አዩት ብዬ ጠየቅኳቸው። "ይሄ ሰውዬ ልጅ ወልዶ አያውቅም" አሉኝ። ደግሞ በር ላይ ሲደርሱ ተመልሰው "ልጁ የሄደበት ሰው እንዲህ ብዙ አያወራም" ብለው ሄዱ። ተናደድኩ፤ ግን እውነታቸውን ነበር።

በማግሥቱ ክፍሏ ውስጥ ያን ቦታ ደጋግሜ አየሁት። ማይኩ ሲከፈት ከአፌ የወጣው የእርስዎ ሳል ነው። ምን ላድርግ አባዬ፣ ልጁ ጥሎት የሄደ አባት የማውቀው አንድ ብቻ ነው። አራት ሆነን የምንበላበት ቤት ለሦስት ሰው ይቅረብ ሲባል የሰማሁትም አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ፊልሙ እንደገና ፉሪ ሲታይ፣ ያች የሦስት ሰው ቃል ስትነገር ቆሎ ወደ አፉ የሚሄድ እጅ መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ። ከወር በኋላ ሰዎቹን ስለዚያ ፊልም ስጠይቃቸው እሳቱን ያነሳልኝ አልነበረም፣ የፈረሱን ግልቢያም ረስተውታል። ሁሉም የሚያወሩልኝ ለሦስት ሰው ስለሚቀርበው ምሳ ነው። አንዲቷማ ልጇ ለሥራ ርቆ የሄደባት ናት፤ ማዕድ ባቀረበች ቁጥር ያ ሰውዬ ትዝ እንደሚላት ነገረችኝ። እኔም ያን ጊዜ ገባኝ። ቤቱ ሲቃጠል ያየ ሰው ጥቂት ነው፤ ከማዕዱ አንድ ሰው ሲጎድል ያላየ ግን የለም። ፊልም ሰው ልብ ውስጥ የሚቀረው ሰዉ ከገዛ ቤቱ የሚያውቀውን ነገር ሲያገኝበት ነው።

ይህን በማወቄ ስኮራ ቃሉ የማን እንደሆነ ረሳሁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእርስዎ ቃል ግን ከግቢያችን አላለፈም ነበር፣ አፋፍ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቴዎ ፊልሙን በፍላሽ ሲበትን ጋሰራ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም። እርስዎ ፊልም አያዩም ብዬ ነበር። ሻይ እንደሚጠጡ ግን ማሰብ ነበረብኝ።

ያን ጠዋት ላንሳው፤ አራት ዓመት ሙሉ ሳናነሳው ቆይተናል። ኮምባይነሩ የእኛ ተራ ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ስንዴው ደርቋል፣ ሰማዩ ያለ ወቅቱ ጠቁሯል። እኔ ደግሞ "ለሥራ ፈተና ተጠርቻለሁ፣ ዛሬውኑ እሄዳለሁ" አልኩዎ። እውነቱን ለመናገር ፈተናው ቢዘገይም ይደርስ ነበር፤ ፈርቼ ነው። ያን ዓመት ከቀረሁ ለዘላለም የምቀር መሰለኝ። ዝናቡ ስንዴውን እንደመታው፣ የተረፈውንም ብቻዎን እንዳነሱት ኋላ ሰማሁ። ስለዚህ ለሦስት ሰው አቅርቢ ማለትዎ አልበዛብኝም።

ግን ያልነገርኩዎ አንድ ነገር አለ። እፀገነት፣ እዚህ ጋ እንዳትዘይው፤ አንብቢ። ከአጥሩ ከወጣሁ በኋላ ዞር ብዬ አይቻለሁ። ካፊያው ጀምሮ ነበር፤ ቦቲ ጫማዬ ከደጅ ቀርቷል። እርስዎ ግራ ቀኝ አዩና በእግርዎ ገፋ ገፋ እያደረጉ ከዝናቡ ወደ ቤት አስገቡት። ማንም ያየዎት አልመሰለዎትም። ያን ቀን ሳስበው መጀመሪያ የሚመጣብኝ ቃልዎ አይደለም፤ ያ ቦቲ ነው። እሱን ፊልም ላይ አላስገባሁትም፣ ለማንም ተናግሬውም አላውቅም።

አሁን ሁለት ነገር በእጅዎ ነው። አንደኛ፣ ቃሉ ይውጣ ካሉኝ ከአዲሱ ቅጂ አወጣዋለሁ፤ ቴዎ ፊልሙን ገደልከው ብሎ ቢጮህም ይጩህ። የተበተነውን ግን መሰብሰብ አልችልም፣ ለእሱ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ሁለተኛው የፊልሙ መጨረሻ ነው። ሻይ ቤቱን ጥለው ስለወጡ አላዩትም። ልጁ ከዓመታት በኋላ ይመለስና በሩ ላይ ይቆማል። አባትየው ያየዋል፣ ከዚያ አፉ ይንቀሳቀሳል፤ ረጅም ነገር ይናገራል። እኔ እዚያ ላይ ምንም አላልኩም። ቴዎ ማይኩ የተበላሸ መስሎት ነበር። ቃል አጥቼ ነው፤ በሩ ላይ የቆመ ልጅን አባቱ ምን እንደሚለው ከእርስዎ ሰምቼ አላውቅማ። ስለዚህ ሰውየው አፉን እያንቀሳቀሰ ድምፅ የለውም። የሚገርመው፣ ኦቦ ለታ "መጨረሻ ላይ ያለው ነገር ጥሩ ነው" አሉኝ። ምን አለ ብላቸው "አንተ ተርጓሚው እያለህ እኔን ትጠይቃለህ?" ብለው ሳቁብኝ። ቴዎ በአዲሱ ቅጂ ላይ እንድሞላው ይነዘንዘኛል፤ ከራሴ ፈጥሬ አልሞላውም ብዬዋለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ፤ ጋቢው ደርሶኛል፣ ለቡ ላይ ማታ ማታ ይበርዳል፣ አልለየውም። እፀገነት፣ ስላነበብሽ አመሰግናለሁ፤ የጠየቅሽኝን መጽሐፍ ሐሚዳ ይዛልሻለች። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ፣ ለዚያ ሻይ ቤት ባለቤትም ጭምር፣ ሰላምታዬን አድርሱልኝ። እርስዎን ደግሞ፣ ከፈቀዱልኝ፣ ጉልበትዎን በአካል ስሜ ሰላም እልዎታለሁ።

ለፋሲካ እመጣለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ከደጃችሁ እደርሳለሁ። ጾሙ ሲፈታ እማዬ ወደ እርስዎ ዞራ ለስንት ሰው ላቅርብ ማለቷ አይቀርም። ሁለቴ እንደማይናገሩ አውቃለሁ፤ አንዴ ልስማው።

ልጅዎ አስረስ አባይነህ
ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ለቡ መብራት ኃይል
መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.