ከግመል ወተት የወጣ ብርሃን

ለምወድሽ እናቴ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ የደብረ ብርሃንን ብርድ ቻለው? እኔና ባለቤቴ ፋኑኤል ደህና ነን፤ የጅጅጋ ነፋስ ቤታችንን አቧራ ከማልበሱ በቀር ምንም አልጎደለብንም። ይህን በስልክ ብነግርሽ ሳልጨርስ ታለቅሻለሽ ብዬ ነው የጻፍኩልሽ።

በግመል ወተት ቤተ ሙከራ ውስጥ ምን እንደምሠራ ጠይቀሽኝ ነበር። ወተቱን በተዘጋ ዕቃ በኃይለኛ ሙቀት ሳበስለው በዓይን የማይታዩ የካርቦን ቅንጣቶች ይወጡታል። አልትራቫዮሌት መብራት ሲያርፍባቸው ሰማያዊ ያበራሉ፤ እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት ከነካቸው ግን ብርሃናቸው ይደክማል። ድካማችን በሰው ሽንትና ደም ውስጥ የተደበቀውን እርሳስ እንዲያጋልጡልን ነው።

ወተቱን የምታመጣልኝ ሂንዳ ናት። ትንሿ ልጇ ፋርቱን ሆዷን እያመማት ምግብ እምቢ አለች፤ መራመድ ጀምራ የነበረችው ልጅ ተመልሳ መዳህ ያዘች። ሐኪም ቤት ምክንያቱን አላገኙትም። ሂንዳ አንድ ቀን ወተቱን አስቀምጣ፣ ያንን የሚያበራውን ነገርሽን በልጄ ሞክሪልኝ አለችኝ። ገና ጥናት ላይ ነው ብላትም አልሰማችኝም። መጋረጃውን ጋርደን የፋርቱንን ሽንት ቅንጣቶቹ ላይ ጠብ ሳደርግ ሰማያዊው ብርሃን ደበዘዘ። ሐኪሟ ደሟን አዲስ አበባ ልኮ አስመረመረ፤ እርሳሱ እውነት ሆነ።

ከየት እንደመጣ ስንጨነቅ የልጅቷን ዓይን አየሁት። ሐርተሼክ የሚባል ከተማ ያሉት አያቷ ድንጋይ ፈጭተው የሚልኩትን ኩል ተኩላለች። ኩሉን ጠርጥሬዋለሁ ስላት ሂንዳ ተቆጣች፤ እናቴ የልጅ ልጇን ትመርዛለች ወይ አለችኝ። ከኩሉ ቆንጥሬ አሟሟሁና እያየች ጨመርኩት። ብርሃኑ ጠፋ። በሻሿ ጫፍ የልጇን ዓይን ጠረገች።

ኩሉ ቀርቶ፣ ፋርቱን የታዘዘላትን መድኃኒት ስትወስድ ከረመች። ትናንት በቤተ ሙከራው ወንበሮች መካከል እየሮጠች አስቸገረችን። ሽንቷን ስንሞክረው ብርሃኑ ንቅንቅ አላለም። ሂንዳ እልልታዋን ስታቀልጠው ሰው ሁሉ ከየቢሮው ወጣ፤ ኮስታራው ኃላፊያችን አቶ ልዑልሰገድ እንኳ አጨበጨቡ።

የራሴንም ሞክሬዋለሁ፤ ሐኪሜ ከእንግዲህ ተጠንቀቂ ስላለኝ። ብርሃኑ ደምቆ ቆየ። ፋኑኤል አጠገቤ ቆሞ አለቀሰ። ሂንዳ ደግሞ ገና ሳልነግራት ገብቷት፣ ከባድ ነገር አታንሺ እያለች የወተቱን ጀሪካን እስከ ጠረጴዛዬ ታደርስልኛለች።

እማዬ፣ ከክረምቱ በኋላ ስትመጪ ለሳምንት ብለሽ አይሁን፤ ቤቱን ለጎረቤት አደራ ስጪ። ለገንፎ የሚሆን ገብስም አስፈጭተሽ ያዢ፤ የዚህኛው እንደ እኛ አገር አይደለም።

እመብርሃን አንቺን በሰላም ታምጣልኝ፣ እኔንም በሰላም ታገላግለኝ።

እስከ ዛሬ የቤቱ ትንሿ የነበረችው ልጅሽ