ያለ መቋሚያ መቆም

ኅዳር ፫
ጸሎቴን አድርሼ ስወጣ መቋሚያዬ የለም። የልጅ ልጄ ሚራክል ፈረስ አድርጋው በግቢው ትጋልባለች። ስድስት ዓመቷ ነው። ስሟን ያወጣችው እናቷ ናት፤ «ተአምር» ማለት ምን ነውር ነበረው? ... ጉበቷ ላይ ዕጢ ያለባት ልጅ እንዲህ ትጋልባለች? እስካሁን የወሰደችው የካንሰር መድኃኒት ዕጢውን እንደታሰበው አላሟሸሸውም። ካልቀነሰ ቀዶ ሐኪሙ አይነካውም።

ኅዳር ፰
ሆስፒታል ዋልን። ዶክተር ሰዓደት አስረዳችኝ። በብሽሽት በኩል ደም ሥር ውስጥ ቀጭን ቱቦ ታስገባለች፤ በራጅ እየተከተለች ዕጢው ድረስ ታደርሰዋለች። መድኃኒቱን እዚያው ታፈስስና ዕጢውን የሚመግበውን የደም መንገድ ትዘጋለች።
«ሆድ ሳይቀደድ?»
«አባቴ፣ በር እያለ ግድግዳ ለምን እናፈርሳለን?»
ወደድኋት። ቅኔ ብትማር ኖሮ...
ከዚያ በኋላ ግን ሚራክል እግሯን ዘርግታ እስከ ማታ ሳትነቃነቅ መተኛት አለባት፤ አለዚያ የተወጋው ደም ሥር ይደማል። ይህች ልጅ? ለአንድ አባታችን ሆይ እንኳ ቀጥ ብላ አታውቅም!

ኅዳር ፲፫
ትናንት ሚካኤልን ተማጸንሁ። ዛሬ ተደረገላት። በማደንዘዣ ተኝታ ምንም አላወቀችም። ጉዱ ስትነቃ ነው። እናቷ ቂሊንጦ ፋብሪካ ተረኛ፤ ጠባቂዋ እኔ።
«ልነሳ!»
የኢዮብን ትዕግሥት ተረክሁላት።
«ኢዮብ ሽንት ቤት አይሄድም ነበር?»
ስለዚህ ነገር መጻሕፍቱ ዝም ብለዋል።
«አባባ፣ ማኅሌት ስቆም አይደክመኝም ይሉ የለ? እንግዲያው ይቁሙ። ከተቀመጡ እነሳለሁ።»
ቆምሁ። መቋሚያዬንም ተቀበለችኝ፤ ከእግሯ ጎን አጋደመችው። ጥቂት ቆይቼ ቀስ ብዬ ወደ ግድግዳው ጠጋ...
«ግድግዳም መቋሚያ ነው!»
አስታማሚው ሁሉ ሳቀ። ዶክተር ሰዓደት ገብታ «አባቴ፣ ይቀመጡ እንጂ» አለች።
«አልችልም ልጄ። ታዝዣለሁ።»
እግሯ ሳይነቃነቅ መሸ። ጠብታ ደም አልወጣም። የእኔ ጉልበት ግን...

ኅዳር ፳፩
በጽዮን ማኅሌት አብረውኝ የሚቆሙት አለቃ ቀናው ዜማው መሐል ላይ ደክሟቸው ተቀመጡ። ሌላ ጊዜ እገሥጻቸው ነበር። ዛሬ «ጠጋ ይበሉልኝ» አልኋቸው። ደነገጡ።

ታኅሣሥ ፳
ዕጢው ሟሸሸ! ዶክተር ሰዓደት ፊተኛውንና የአሁኑን ምስል አስተያይታ አሳየችኝ። ቀዶ ሐኪሙ «አሁን ይወጣል» ብሎ ቀን ቆረጠ። ተመስገን! በጋቢዬ ጫፍ ዓይኔን ጠረግሁ።
ሚራክል ግን ሐኪሙን ትጠይቃለች።
«ከዚያ በኋላ ስንት ቀን ነው የምተኛው?»
«ሳምንት ያህል።»
ዞር አለች። ፊቴን አላየችም... እግሬን ነው ያየችው።