ጎማው የተነፈሰበት ምክንያት

ናዝሬት
ጥቅምት 16 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ገሠሠ
ድሬዳዋ

እንደምን ከረሙልኝ አባባ? ወገብዎስ ተሻለዎት? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ከመላጡና መዳፌ ውሃ ከመቋጠሩ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ይህ ደብዳቤ በፖስታ እንዳልመጣ አይተዋል። ባቡር ላይ የሚሠሩት አቶ አብተው በእጅዎ እንዲሰጡልኝ ለምኛቸው ነው፤ ምን እንደተጻፈበት እሳቸውም አያውቁም። እማዬ አጠገብዎ ካለች አሁኑኑ አጥፈው ኪስዎ ይክተቱትና ብቻዎን ሲሆኑ ያንብቡት።

ባለፈው ደብዳቤዎ «አርፈሽ ሥራሽን ብትሠሪ ምን ነበረበት» ብለው ከተቆጡኝ በኋላ፣ ታች ላይ «ለማንኛውም የውድድሩን ነገር ሳትደብቂ ጻፊልኝ» ብለው ነበር። ስቄ ነበር ያነበብኩት። እነሆ ሳልደብቅ ልጻፍልዎ።

ውድድሩ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ቅዳሜ ከናዝሬት በመልካሳና በዴራ አድርጎ አሰላ፤ እሑድ ከአሰላ በኦጎልቾ ወደ ዝዋይ ወርዶ፣ በመቂና በሞጆ ዞሮ ናዝሬት። አርባ አንድ ሰው ተነሣን፤ ሴት እኔ ብቻ። ማሸነፍ በሐሳቤም አልነበረ። የፈለግሁት እሑድ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት መግባት ነው፤ ከዚያ በኋላ የገባ አይመዘገብም ተብሏል። መልካሳ የእርሻ ምርምር መሥሪያ ቤታችን ውስጥ በእኔ ያልተከራከረ ሰው አልነበረም። ዕቃ ግምጃ ቤት ያለው ኃይለየሱስ «አሰላ ሳትደርስ በጭነት መኪና ትመለሳለች» እያለ ወር ሙሉ አሾፈብኝ። አለቃዬ አቶ አብዱልጀባር ግን ለልምምድ ብለው የመጨረሻውን ወር ሙሉ አንድ ሰዓት ቀደም ብዬ እንድወጣ ፈቀዱልኝ። የማሽላውን መዝገብ በምሳ ሰዓት እየሞላሁ ማታ ማታ ሶደሬ ድረስ ደርሼ እመለስ ነበር።

ቅዳሜ ደህና ሄደ። እስከ ዴራ ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ ከኢተያ በላይ ደግሞ ዳገቱ አላልቅ አለ፤ ነፋሱም ቀዘቀዘ። እርስዎ ልጆች ሳለን «ዳገትን ቀና ብለሽ አትይው፤ ፊት ለፊትሽ ያለውን አንድ ክንድ መሬት ብቻ እይ» ይሉን የነበረውን እያሰብኩ ወጣሁት። አሰላ ስገባ ሃያ ስድስተኛ ነበርኩ።

እሑድ ጭቃው ጠበቀን። ዘንድሮ ዝናቡ አልወጣም ብሎ ከኦጎልቾ በታች ያለው ጥቁር አፈር እንደ ሊጥ ሆኗል። በጎማውና ጎማውን አቅፎ በያዘው ሹካ መካከል እየተጠቀጠቀ ብስክሌቱን ቀጥ ያደርገዋል። ከነዳሁት የተሸከምኩት ይበልጣል። ወንዶቹ እየተማረሩ ከኋላ የሚከተለው መኪና ላይ ሲወጡ አየሁ። እኔ በእንጨት እየፋቅሁ፣ እየተሸከምኩ፣ እንደገና እየነዳሁ ስምንት ሰው አለፍኩ። አንድ ወንዝ አጠገብ ስደርስ አሥራ ስምንተኛ መሆኔን ነገሩኝ። ገና ረፋድ ነበር። እንደምገባ ያን ጊዜ እርግጠኛ ሆንኩ፤ የኃይለየሱስን ፊት ሳስበው ብቻዬን ሳቅሁ።

የወንዙንም የመንደሩንም ስም አልጽፍም።

የመንደሩ ገበሬዎች ማኅበር ለተወዳዳሪ ውሃ እንዲያቀብል ታዝዞ ሰዎች መንገድ ዳር ተሰልፈዋል። አንድ ጺማም ሰው፣ ልብሱ ሁሉ ዱቄት የለበሰ፣ በጣሳ ውሃ ዘረጋልኝ። ፊቱን እንኳ ሳላይ ጠጣሁ። ጣሳውን ስመልስለት ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ሮሚ፣ ኮርቻሽ ዝቅ ብሏል። ጉልበትሽን ትጎጂዋለሽ» አለኝ።

አባባ፣ ሮሚ ብሎ የሚጠራኝ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እርስዎ ብስክሌት ሲያስተምሩኝ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ ይደግፈኝ የነበረው ወንድሜ። ኅዳር 1970 ለሥራ እንደወጣ የቀረው። ሬሳውን ሳናገኝ ለቅሶ የተቀመጥንለት።

ብስክሌቱ አዘነበለብኝ። ብስክሌቱን ከእነ እኔ ደግፎ ያዘ። ወደ ሰዎቹ ዞሮ በኦሮምኛ አንድ ነገር ሲናገር ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«በስሜ እንዳትጠሪኝ። አታልቅሺ፤ ሰው እያየን ነው።»

«አለህ?»

«አለሁ። የተወዳዳሪዎች ስም ዝርዝር ሲነበብልን ስምሽን ሰማሁ። ከንጋት ጀምሬ እዚህ ቆሜያለሁ። አሁን ሂጂ፤ ማየቴ ይበቃኛል።»

«አልሄድም።»

«ያለ ምክንያት ብትቆሚ ይጠረጥራሉ።» ጎማዬን አየት አደረገ። «ላስተነፍሰው እችላለሁ። ግን ሰዓትሽ ያልፋል።»

ወደ ዝዋይ የሚወርደውን መንገድ አየሁት። ጭቃው እዚያው ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ደረቅ ነው። ስድስት ወር የለፋሁበት ነገር እፊቴ ተዘርግቷል።

«አስተንፍሰው» አልኩት።

ጎማውን የሚመረምር መስሎ ቁጢጥ አለና ቫልቩን አላላው። አየሩ ሲወጣ ሁለታችንም መሬት መሬት እያየን ሰማነው። ብድግ ብሎ «ጎማዋ ተበስቷል! ወፍጮ ቤት ማስቲሽ አለኝ» ብሎ ጮኸ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ራሱ አዝኖልኝ ብስክሌቴን እየገፋ እስከ ወፍጮው ደጃፍ ሸኘን።

ወፍጮውን የሚያሠራው እሱ ነው። መንደርተኛው በሌላ ስም ይጠራዋል፤ ኦሮምኛውም እዚያ የተወለደ ያስመስለዋል። ባለቤቱ ጫልቱ ትባላለች። ማን መሆኔን አልነገራትም፤ ፊቴን አየች፣ ፊቱን አየች፣ ተነሥታ በሩን ዘጋችው። «አካም ጅርታ» ብላ አቅፋኝ ብዙ ቆየች። ጭኮ፣ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ፣ አቀረበችልኝ፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር አላስታውስም። ልጅ አላቸው አባባ። ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ዲንቄ ትባላለች። ግንባሯ ቁርጥ የእርስዎ ነው። ጭቃ የነካ እጄን ይዛ ጣቶቼን አንድ በአንድ ስትጠርግልኝ እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

«ለምን አንድ ቃል አልላክህም?» አልኩት።

«ካላወቃችሁ፣ ቢጠይቋችሁም የምትናገሩት አይኖርም።» ቀጥሎም፣ «ለቅሶ ተቀምጣችሁልኛል?» አለኝ።

«ሰባት ቀን።»

«ማን ማን መጣ?»

አንድ በአንድ ነገርኩት። ሰፈሩን ሁሉ፣ የባቡር ሠራተኞቹን፣ ነጋዴውን ኑሬን። «ገርባስ አለቀሰ?» አለኝ። አብሮ አደጉን ገርባን ማለቱ ነው። ከሁሉ አብልጦ እንዳለቀሰ ስነግረው ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ለብዙ ጊዜ አልተመለሰም። ስለ እርስዎ ጠየቀኝ። ስለ እማዬ ግን ሊጠይቅ አፉን ሁለት ጊዜ ከፍቶ መልሶ ዘጋው፤ እኔው ራሴ ደህና ናት አልኩት።

ሁለት ሰዓት ቆየሁ። ኮርቻዬን ከፍ አደረገልኝ፣ ጎማዬን ነፋልኝ። «ከዚህ በላይ ጎማ አያቆይም» ብሎ አስወጣኝ። እሱ ከወፍጮው አልወጣም።

ከዝዋይ እስከ መቂ ነፋሱ ፊት ለፊት ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ነድቼ አላውቅም። ናዝሬት የገባሁት ግን ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው፤ ዐርማውን አውርደው ወንበሩን መኪና ላይ እየጫኑ ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው ጓድ ሮማነወርቅ?» አለኝ መዝጋቢው።

«ጎማ ተነፈሰብኝ።»

«ለአንድ ጎማ ሁለት ሰዓት?»

«መጠገን አልችልም» አልኩ። እኔ! እርስዎ ዓይኔን በመሐረብ አስረው ጎማ መጠገን ያስተማሩኝ ልጅ! ኃይለየሱስ «አላልኳችሁም? ሴትና ብስክሌት!» እያለ ሲስቅ ሰው ሁሉ አብሮት ሳቀ። ዝም አልኩ። ዛሬም በየቢሮው ይስቁብኛል፤ ዛሬም ዝም እላለሁ። አቶ አብዱልጀባር ብቻ «አርባ አንድ ወጣችሁ፤ አሥራ ሦስቱ በመኪና ተመለሱ። አንቺ በራስሽ ጉልበት ገባሽ» ብለው ሻይ ጋበዙኝ። የውድድሩን ነገር ለእርስዎ እንዲህ ብዬ ልጨርስ፦ ስሜ መዝገብ ላይ የለም፤ አልተጸጸትኩም።

አሁን የሚቀረው የእማዬ ነገር ነው። ልንገራት ወይስ ልተው እያሉ እንደሚጨነቁ አውቃለሁ። እኔ አልመክርዎትም፤ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቋታል። ከነገሯት ግን በር ዘግተው፣ እጇን ይዘው ይንገሯት፤ እልል እንዳትል። ወደዚያ ለመሄድም አታስቡ፤ እኔም አልመለስም። ይህን ወረቀት እሳት ውስጥ ይጨምሩት።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው፤ የልጅ ልጅዎን በጉልበትዎ ላይ አስቀምጠው የሚያጫውቱበትን ቀን ያምጣልዎ። የእማዬን ጉልበት ይሳሙልኝ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ በምድር በሰማይ፦ ደስታው ቢያሰክራት እንኳ ጥቁሯን እንዳታወልቅ። ጎረቤት ለምን አወለቅሽ ብሎ ይጠይቃታል። እስከ ዛሬ ያለቀሰችበት ልብስ ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ልጇን የምትሸሽግበት ነው ይበሏት።

ልጅዎ
ሮማነወርቅ ገሠሠ