የዳማ ጭራ

ውድ ጋሼ እሸቴ፣

ተስፋነህ ባለፈው ሳምንት ገሳይ ድረስ መጥቶ፣ ለሙት ዓመትዎ ደብረ ታቦር ላይ ሰው ሲሰበሰብ የሚነበብ ትዝታ ጻፊልን አለኝ። ማሲንቆ ያስተማሩት ልጅ ነውና እምቢ ማለት አልቻልኩም። ምስጋና ቢጤ እንድጽፍ ነው የፈለገው። እኔ ግን የምጽፈው እርስዎ በሕይወት እያሉ አፌ ላይ መጥቶ የዋጥኩትን ነገር ነው።

መጀመሪያ ያየሁዎ በ1989 ዓ.ም.፣ ጎረቤታችን ማሩ ልጁን ሲድር ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ካሴትዎን፣ ባትሪ ድንጋዩ ቶሎ እንዳያልቅብን በእስክሪብቶ እያጠነጠንን፣ ክሩ እስኪሳሳ ሰምተነዋል። ያ ሰው እኛ መንደር ይመጣል ሲሉኝ አላመንኩም። መጡ። ወንበር ሲያቀርቡልዎ ለአንዲት አሮጊት ሰጥተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ማሩ "ታላቁ አርቲስት" እያለ ሲያስተዋውቅዎ፣ "አዝማሪ በለኝ ወንድሜ፣ እንዳልደነግጥ" ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁት።

ዘፈኑ ሳይጋመስ የማሲንቆዎ ጭራ ተበጠሰ። አባቴ በላይነህ ብድግ ብሎ ወጣና፣ ከራሱ በቀር ማንንም ከኋላው ከማያስጠጋው ፈረሱ ከዳማ ጭራ ቆርጦ መጣ። እዚያው ወጥረው ሲገዘግዙት ድምፁ ጠርቶ ወጣ። እርስዎም ቀና ብለው፣ "ከእንግዲህ ይህ ፈረስ እያለ ከሌላ አልወጥርም" አሉ። ሰው የሰርግ ቤት ሞቅታ ነው ብሎ ረሳው። እርስዎ አልረሱትም፤ በየዓመቱ መስቀል ዋለ ሲባል ማሲንቆዎን በነጠላ ጠቅልለው ከአውቶቡስ ይወርዱ ነበር።

ጭራውን ሌላ ሰው እንዲቆርጥልዎ አይፈቅዱም። መጀመሪያ ዳማን እርጥብ ሣር በእጅዎ ያበሉታል፤ ከዚያ አንገቱን እየደባበሱ ያስፈቅዱታል። እኔ ከዓመታት በኋላ ገሳይ የሒሳብ አስተማሪ ሆኜ ነበርና ነገር ሳላጣራ አላልፍም፤ አጠገቡ የታሰረችው ሴት ፈረስ፣ ባዝራዋ፣ ጭራዋ ከሱ ይበዛል፣ ጠባይዋም ለስላሳ ነው፣ ለምን ከሷ አይወስዱም ብዬ ጠየቅሁዎ። አንዲት ጭራ በከንፈርዎ መሐል ስበው አሳዩኝ። የባዝራ ጭራ ሽንት ስለሚነካው ሲወጠር ይሰነጣጠቃል፣ ድምፁም ይሻክራል አሉኝ። ስለዚህ አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም።

በሬዲዮ የድምፅዎ ምሥጢር ምንድን ነው ሲሉዎ የመለሱትን አገር ያውቀዋል። "ጭራው ከገሳይ፣ ከበላይነህ ዳማ ነው። እኔ ያዋጣሁት እጄን ብቻ ነው።" አባቴ ያን ሳምንት ሁለት ጊዜ ገበያ ወጣ፤ የሚሸጠውም የሚገዛውም አልነበረውም።

በ2002 አባቴ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት አልጋ ላይ ዋለ። በዓመቱ ነሐሴ ሕመሙ ጠንቶበት ደብረ ታቦር ሆስፒታል አሥር ቀን ሲተኛ፣ ዳማ ሆዱን ታሞ በሁለት ቀን ሞተብን። ከማሩ ጋር ጎትተን ከወንዙ ማዶ ቀበርነው። አባቴ ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ፈረሱ ነው። ማሩ ደጋ ወስዶ ከተሻለ ግጦሽ አሰማርቶታል አልኩት። "እሺ" አለ። ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

መስቀል አለፈና እርስዎ መጡ። ከበር ላይ ልጠራዎና እውነቱን ልነግርዎ ወስኜ ነበር። አባቴ ግን ድምፅዎን ሰምቶ ከአልጋው ተጣራ፣ ገቡ፣ ተሳሳማችሁ። እኔም በፊቱ፣ ዳማ ሩቅ ነው፣ እንዳይደክሙ ብዬ አስቀድሜ ቆርጬልዎታለሁ ብዬ አንድ እስር ጭራ ሰጠሁዎ። በጠዋት ከባዝራዋ የቆረጥኩት ነው። አንዷን መዘው በከንፈርዎ መሐል ሳቧት። አባቴን አዩት፣ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ በቀስታ፣

"ይህም ከእናንተ ቤት ነው" አሉ።

ያን ቀን ተሸወዱልኝ ብዬ ተነፈስኩ። እስከ መኪናው ስሸኝዎ መንገዱ ሩብ ሰዓት ያስኬዳል፤ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ከነገርኩዎ ዳግም አይመጡም፣ እርስዎ ከቀሩ አባቴ ይጠይቀኛል ብዬ ፈራሁ። ስለ ተማሪዎቼ አወራሁዎ።

በጥር ደብረ ታቦር ላይ ሲጫወቱ ተማሪዎቼን ይዤ ከፊት ተቀምጫለሁ። ማሲንቆው ተንቋቋ። ሦስት ጊዜ አቁመው ቃኙት፣ ሦስት ጊዜ ሻከረ። ከኋላ ሰው ማጉረምረም ጀመረ፤ አብራኝ የምታስተምር ሠናይት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ እርጅና ክፉ ነው አለችኝ። አዎ አልኳት። ይህን "አዎ" እስከ ዛሬ ይቅር ብዬ አላለፍኩትም። ሲያበቃ የሬዲዮ ጋዜጠኛው ድምፁን ምን ነካው ብሎ ጠየቀዎ። እርስዎም፣

"ጭራው ደህና ነው። እጄ ነው የደከመው" አሉት።

ከዚያ በኋላ የሚጋብዝዎ ሰው አነሰ። እሸቴ አበቃለት የሚለው ወሬ ገሳይም ደረሰ። እርስዎ ግን በቀጣዩም ዓመት መጡ፣ ዳማ የት ነው ሳይሉ የሰጠሁዎን ተቀብለው ሄዱ። በሦስተኛው መስቀል የሞትዎን ዜና ሰማን።

ተስፋነህ ባለፈው ሳምንት የነገረኝን እርስዎ ባይወዱትም እጽፈዋለሁ። እንደ ልጅ ተቆጥቶ፣ ጋሼ ይህ የባዝራ ነው፣ ሌላ እንፈልግ ብሎዎ ነበር። እርስዎም፣ "ሌላ ከወጠርኩ ከየት ነው ብለው ይጠይቁኛል። በላይነህ ሬዲዮ ይሰማል። ፈረሱ መሞቱን ከኔ አፍ አይስማ" ብለውታል።

ይህን ከሰማሁ በኋላ መቀመጥም መቆምም አቃተኝ። ትናንት ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ አባቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ዳማን፣ ባዝራዋን፣ እርስዎንም። ዓይኑን ከጣሪያው ሳይነቅል ሰማኝ።

"አውቃለሁ" አለኝ። "አሥራ ምናምን ዓመት ከዚህ ግድግዳ ማዶ ሲያሽካካ የኖረ ፈረስ፣ ዝም ሲል እንዴት አላውቅ? አንቺ ለኔ ብለሽ የደከምሽበትን ላፈርስብሽ አልፈለግሁም። እሸቴም አላወቀም ብዬ ነበር።"

ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሲያለቅስ ያየሁት የእናቴ ቀብር ላይና ትናንት ብቻ ነው።

አዩ ጋሼ፣ ያ ሁሉ ለማንም አልጠቀመም። ሦስታችን በአንድ ክፍል ተቀምጠን አንዱን ነገር እያወቅን፣ ተዛዝነን ዝም ስንባባል ዋጋውን የከፈለው የእርስዎ ስም ሆነ። እኔ በተለይ ስምዎን የማዳን ዕድል በሩብ ሰዓት መንገድ ላይ ነበረኝ፤ ናፍቆትዎ ሲያመኝ አብሮ የሚያመኝ ይህ ነው።

ባዝራዋ ከሞተው ከዳማ የወለደችው ወንድ ድንጉላ አራት ዓመቱን ይዟል። ዛሬ ጠዋት ሣር አብልቼ፣ እንደ እርስዎ አንገቱን ደባብሼ አስፈቀድኩት። አባቴ ጭራውን ደረቱ ላይ አድርጎ አንድ በአንድ ካለሰለሰው በኋላ፣ ለተስፋነህ ስጪው፣ በሙት ዓመቱ ይወጥርበት አለኝ።

ተስፋነህ በዚያ ጭራ ከመጫወቱ በፊት ግን ይህን ደብዳቤ እኔው ራሴ ቆሜ አነበዋለሁ። ሠናይት ትኖራለች፣ ያን ቀን ያጉረመረሙትም ይኖራሉ። የምላቸው ይህን ነው፤ የደከመው ጭራው ነበር። የጋሼ እሸቴ እጅ ደህና ነበር።

ከባዝራዋ ጭራ የቆረጥኩት፣
ፈንታነሽ በላይነህ
ገሳይ