አባባ ጀልባው ላይ ሲወጡ

እሑድ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ መሐል ሜዳ



ዛሬ ወንድሜ ደረጀ ከባሕር ዳር ይዞት በመጣው የጎማ ጀልባ ልንዝናና ከሞላሌ በታች ወንዙ ሰፋ ብሎ ወደሚተኛበት ወረድን። ዓባይ ላይ ስንት ዓመት የቀዘፈው ደረጀ ራሱ «እንደዚህ ጸጥ ያለ ውሃ አላየሁም» አለ። እኔና እህቴ አስካለ ከእሱ ጋር ገብተን ተቀመጥን። «ምንም ቢሆን እንዳትቆሙ» ብሎ ደጋግሞ አስጠነቀቀን። ከሁላችን ዋና የሚችለው እሱ ብቻ ነው።

አባባ መጨረሻ ላይ መጡ። ጋቢያቸውን ሰብስበው አንድ እግራቸውን ጀልባው ላይ ሲያሳርፉ «ኖር» ብለን ሦስታችንም ብድግ አልን። ደረጀ ራሱ ተነሳ። አባባ «በእግዜር፣ ተቀመጡ» ብለው አፋቸውን ሳይገጥሙ ጀልባው ከእግራቸው ሥር ሸሸ።

ከዚያ ያየሁት ጋቢውን ብቻ ነው። ውሃው ላይ ተነፍቶ ተንሳፈፈ፤ ከሥሩ ሰው ያለ አይመስልም ነበር። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ደረጀ ዘሎ ገብቶ በብብታቸው ይዞ አወጣቸው። አባባ ብዙ ካሳሉ በኋላ «እናንተ ምን አጠፋችሁ፤ ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ» አሉ።

አሁን ደህና ናቸው፤ ልብስ ቀይረው እሳት ሞቀዋል። ለራት ወደ ሳሎን ሲመጡ አስካለ እንደ ልማዷ ተነሳች። እኔ ግን ወንበሩን በሁለት እጄ ጨብጬ መነሳት አቃተኝ። አባባም በሩ ላይ ቆም አሉና፣ እግራቸውን ከማስገባታቸው በፊት ወለሉን አዩት።